ሦስት መቶ አሥራ ሁለት የገና ካርድ

«ይኸው ገነጠልኩት! ለአራተኛ ጊዜ!» አለች አስካለ፣ ወረቀቱን ባሏ አፍንጫ ሥር እያወዛወዘች። «ከሥሩ ያለውን እስቲ አንተው አንብበው።»

አቶ ይትባረክ መነጽራቸውን ገፋ አድርገው ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የቀን መቁጠሪያ አዩ።

«ታኅሣሥ ሃያ ስምንት፤» አሉ።

«የገነጠልኩትስ?»

«ሃያ ስምንት።»

«ከሱ በፊት የገነጠልኩትስ?»

«አስካለ፣ ማተሚያ ቤት ሊሳሳት ይችላል። የሚያትመው እኮ ሰው ነው።»

«ድስቱንስ ማተሚያ ቤት ነው ያተመው?»

ልጃቸው ኤፍራታ የወጥ ቤቱን በር ተደግፋ ታዳምጣለች። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ወላጆቿ ሲጨቃጨቁ መሃል ገብታ አታውቅም። ነገሩ እንዲህ ነበር። በዚያን ዕለት ጠዋት የገና በዓል በከተማው ሁሉ ገብቷል። እነሱ ወዳሉበት ኮንዶሚኒየምም ገብቷል፤ ደረጃውን ወጥቶ እስከ አራተኛ ፎቅ ኮሪደር ደርሷል። እነሱ ቤት ግን አልገባም። ከደፉ ወዲያ ሃያ ዘጠኝ ነው፤ ከደፉ ወዲህ ሃያ ስምንት፣ የነቢያት ጾም የመጨረሻዋ ቀን። አስካለ ማታ አሥራ ሁለት ብልት አውጥታ የሠራችው ዶሮ ወጥ ጠዋት ድስቱ ሲከፈት ሽሮ ሆኖ ተገኘ። ደህና ሽሮ ነበር፤ ጨው ብቻ ትንሽ በዝቶበታል።

«ጥር አሥራ ሁለት የእህቴ ሠርግ ነው፤» አለች አስካለ። «ሃያ ዘጠኝ ካልገባ ጥር በየት በኩል ሊመጣልኝ ነው? እናት የላት፤ ያለኋት እኔ ነኝ። እኔ እዚህ ሽሮ ሳማስል እሷ ብቻዋን ልትዳር?»

«ጉዳዩ እየተጣራ ነው፤» አሉ አቶ ይትባረክ።

አቶ ይትባረክ በአንድ መሥሪያ ቤት የመልካም ምኞት መግለጫ ኮሚቴ ሰብሳቢ ናቸው። በየዓመቱ ለገና ካርድ ያሳትማሉ፤ ይልካሉ። የኮሚቴው የአሥራ ሰባት ዓመት ታሪክ ሳሎን ባለው ቡፌ መስታወት ውስጥ በተራ ተደርድሯል። የመጀመሪያው ዓመት ካርድ ላይ አንዲት የጽሕፈት ሠራተኛ በእጇ የሣለችው ሻማና በግርግም የተኛው ሕፃን ነበሩ። በሁለተኛው ዓመት በረዶ የለበሰ ቤትና ሁለት አጋዘኖች ተጨመሩ። ሞስኮ የተማረ አንድ ባለሙያ፣ በረዶ እንደዚያ አይዘንብም ሲል በጽሑፍ ተቃወመ፤ በረዶ ያየ ሌላ ምስክር ስላልተገኘ ተቃውሞው ውድቅ ሆነ። በአምስተኛው ዓመት ቀይ ካፖርት የለበሰው ወፍራም ሽማግሌ መጣ። በዘጠነኛው ለመሥሪያ ቤቱ አርማ ቦታ ለመልቀቅ ሕፃኑ ወደ ጥግ ተጠጋ። በአሥራ ሁለተኛው የሥራ አስኪያጁ ፎቶግራፍ ሲገባ ሕፃኑ ወደ ጀርባ ተዛወረ። ዘንድሮ ካርዱ ላይ ያለው የመሥሪያ ቤቱ ሕንፃ ነው፤ ጣሪያው ላይ በረዶ አለ። ሕፃኑ በቦታ ጥበት ምክንያት አልተካተተም።

ካርዶቹ በሦስት ዝርዝር ይላካሉ። ዝርዝር «ሀ» ወፍራም ወረቀት ሆኖ ጽሑፉ ወርቃማ ነው፤ ለበላዮች ይሄዳል። «ለ» ወፍራም ነው፤ ወርቅ የለውም። «ሐ» ቀጭን ነው፤ ቢያቆሙትም አይቆምም። ፊደሏ ከጀርባ በኩል ጥግ ላይ በትንሹ ትታተማለች፤ ተቀባይ ልክ መጠኑን እንዲያውቅ። ፊርማው ለሁሉም አንድ ነው፤ ቲተር ነው። አቶ ይትባረክ ስማቸውና ፊርማቸው የተቀረጸበትን ያንን ማኅተም ዘንድሮ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ጊዜ መትተውታል። የመጨረሻዎቹን መቶ ያህል የመቱት ቴሌቪዥን እያዩ ነው።

በሩ ተንኳኳ። ጎረቤታቸው እትዬ ሙሉነሽ ናቸው፤ ነጭ በነጭ ለብሰው ክዳን ያለው ሳህን ይዘዋል።

«እንኳን አደረሳችሁ! ምነው ቤታችሁ ጭር አለ?»

አስካለ ልትመልስ አፏን ከፈተች፤ ድምፅ አልወጣትም። ከሃያ ስምንት ሆኖ ለሃያ ዘጠኝ ሰላምታ መመለስ እንደማይቻል ጠዋት በግቢው ጥበቃ ላይ ሞክራ አውቃዋለች። ሳህኑን ብቻ ተቀብላ ክዳኑን ከፈተች። ደፉን ሲያልፍ እንቁላሉ ድንች ሆነ፤ የዶሮዋ እግር ካሮት።

«ወይ ጉድ!» አሉ እትዬ ሙሉነሽ።

ኤፍራታ ሳህኑን ከእናቷ እጅ ወስዳ ወደ ኮሪደሩ ዘረጋችው። እንቁላል ሆነ። መለሰችው። ድንች ሆነ። ደግማ ዘረጋችው።

«ተይ ልጄ፣ ምግብ አይጫወቱበትም፤» አሉ አሮጊቷ ሳህኑን እየተቀበሏት። ከዚያ አንገታቸውን ብቻ ወደ ሃያ ስምንት አስገብተው አቶ ይትባረክን አዩአቸው። «አንተ ልጅ፣ ዘንድሮ እንኳን አደረሰህ ያልከው ሰው አለ?»

«ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ሰው አለ፤» አሉ አቶ ይትባረክ።

«በአፍህ?»

«በካርድ።»

«እንኳን አብሮ አደረሰን ብሎ የመለሰልህስ?»

መልስ መቀበል በኮሚቴው የሥራ ድርሻ ውስጥ አልተካተተም።

«በል እንግዲህ። አብሮ አደረሰን ሳይባልማ በዓል በየት ይገባል? ማን ከፍቶለት?» እትዬ ሙሉነሽ ይህን ያሉት የቧንቧ ውኃ ለምን እንደጠፋ በሚናገሩበት ድምፅ ነው። «አንድ ሰው ይበቃሃል። አንድ!»

አቶ ይትባረክ ወደ መኝታ ቤት ገብተው ለሥራ አስኪያጁ ስልክ ደወሉ። የስልኩ ድምፅ ከፍ ያለ ስለነበር ኤፍራታ ሁሉንም ሰማች።

«ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ ይቅርታ፣ በበዓል ቀን ስለረበሽኩዎ...»

«የምን በዓል? አንተ ጋ ስንት ነው?»

«ሃያ ስምንት ነው፣ ክቡር።»

«እኔም ጋ። ባለቤቴ ሙክቱን ስታሳርደው ጎመን ሆነ። በግ ቆሞ አይቼው ነው የገባሁት።»

«ክቡርነትዎ ታዲያ ካርዴ ደርሶዎት ከሆነ፣ ምናልባት አብሮ አደረሰን ቢሉኝ...»

«ጠረጴዛዬ ላይ የሚመጣውን ሁሉ እኔ የማነበው ይመስልሃል? እኔ ራሴ ከላይ ነው የምጠብቀው። ጠዋት ደውዬላቸው ነበር።»

«ምን አሉ?»

«እነሱ ጋ ሃያ ሰባት ነው። ለማንም እንዳታወራ።»

አቶ ይትባረክ ሲወጡ ፊታቸው ላይ ትንሽ እርካታ ይነበብ ነበር። ከበላዮቻቸው አንድ ቀን ቀድመዋል። ወዲያው ግን የአስካለን ዓይን አዩና እርካታውን አጠፉት።

«በል ና፣ እኔን በለኝ፤» አሉ እትዬ ሙሉነሽ ከኮሪደሩ። «እመልስልሃለሁ። ወጤ ሳይቀዘቅዝ።»

አቶ ይትባረክ ደፉ ላይ ቆመው ክራቫታቸውን አስተካከሉ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እንኳን አደረሰዎ ለማለት መፈለጋቸውን ኤፍራታ ከከንፈራቸው አይታለች። የወጣው ግን ይህ ነው፦

«በራሴና በመሥሪያ ቤታችን አመራርና ሠራተኞች ስም፣ መጪው ጊዜ የሰላም፣ የጤናና የስኬት ይሆንልዎ ዘንድ ያለኝን ልባዊ መልካም ምኞት ስገልጽ ታላቅ ክብር ይሰማኛል።»

እትዬ ሙሉነሽ የሚቀጥል ነገር እንዳለ ጠበቁ። ከዚያ ሳህኑን በክንዳቸው አቅፈው ሁለት ጊዜ አጨበጨቡ።

«እናመሰግናለን፤» አሉ፤ ሬዲዮ የሚዘጋ ሰው ድምፅ ነበር። «ምን ላድርግ ልጄ? አብሮ አደረሰን ልል ፈልጌ ነበር። አፌ እምቢ አለ። እንዲያው ከማን ጋር አብሮ?»

ሳህኑን ኮሪደሩ ላይ፣ በሃያ ዘጠኝ በኩል፣ ክዳኑን ገጥመው አስቀመጡና ወደ ቤታቸው ገቡ። ከቤታቸው የልጅ ልጆቻቸው ሳቅ ይሰማ ነበር።

ኤፍራታ ያን ጊዜ ተናገረች። ድምፅዋ ቀጭን ስለነበር ሁለት ጊዜ መጀመር ነበረባት።

«አባዬ... ለእማዬ በላት። እሷ ትመልስልሃለች።»

«ለአስካለ?» አሉ አቶ ይትባረክ። ከልባቸው ነው የተገረሙት። «እሷ እኮ ዝርዝሩ ላይ የለችም።»

አስካለ ግን አልተቆጣችም። ሽርጧን ፈታች። እጇን ጠራርጋ ፀጉሯን በመዳፏ ወደ ኋላ መለስ አደረገችና ከቀን መቁጠሪያው ሥር ቆመች። ሃያ ሁለት ዓመት አብራቸው ኖራለች። ሁለት ቃል ነው የምትጠብቀው፤ እሷም ሦስት ቃል አዘጋጅታለች። ኤፍራታ ወደ ግድግዳው ስታይ የወረቀቱ ጥግ ነፋስ እንደነካው ቀስ ብሎ ተነሥቶ ነበር። ከሥሩ የቀይ ቁጥር ጭራ ይታያል። ዘጠኝ ይመስል ነበር።

አቶ ይትባረክ ሚስታቸውን አዩ። ላብ ወጣቸው። እጃቸውን ዘረጉ፤ ግን ወደ ቡፌው ነው።

«አንድ ደቂቃ፤» አሉ።

ከተራረፉት ካርዶች አንዱን አወጡ። ጠረጴዛው ላይ ተቀምጠው በሚያምር የእጅ ጽሕፈት «ለክብርት ወይዘሮ አስካለ፣ ባሉበት» ብለው ጻፉ። ያለችው ከፊታቸው ሁለት እርምጃ ላይ ነው። በፖስታ አሸጉት። ቀጥለው ከፈቱት፤ ቲተሩን ረስተዋል። መቱበት፤ ደግመው አሸጉት፤ ቆመው በሁለት እጃቸው ሰጧት።

አስካለ ፖስታውን ቀደደች። ጣሪያው በረዶ የለበሰውን መሥሪያ ቤት አየች። ከፈተችውና አነበበችው። ገልብጣ ጀርባውን አየች። ጥግ ላይ «ለ» የምትል ትንሽ ፊደል ነበረች።

አቶ ይትባረክ ዓይኗ የት እንዳረፈ አዩ። «ዝርዝር ሀ ከኮሚቴው ውሳኔ ውጪ አይሰጥም፤» አሉ። «እኔ ሰብሳቢ ነኝ እንጂ ኮሚቴው አይደለሁም። ሐ ግን አላደረግሁሽም። አስቢው፣ ታላቅ እህቴን እንኳን ሐ ላይ ነው ያደረግኋት።»

የቀን መቁጠሪያው ወረቀት የተነሣ ጥጉን መልሶ ተኛ።

አስካለ ካርዱን ቡፌው ውስጥ፣ ከሌሎቹ ጋር፣ በተራው አቆመችው። ወፍራም ስለሆነ ቆመ። ነጠላዋን ከወንበሩ ላይ አነሣች። ደፉን ተሻገረች፤ ሳህኑን ሳትረግጥ አለፈችው፤ ደረጃውን መውረድ ጀመረች።

ኤፍራታ እስከ ደፉ ሮጣ ቆመች። እማዬ ልትል ነበር። አፏን ስትከፍት የእናቷ ጫማ ድምፅ ሦስተኛ ፎቅ ደርሷል፤ ወዲያው ደግሞ በጣም ራቀ።

«መረከቧን ፈርማለች?» ሲሉ ጠየቁ አቶ ይትባረክ ከሳሎን።

ኤፍራታ ወደ መስኮቱ ሄደች። ሰማዩ አንድም ደመና የለበትም፤ ግቢው ደረቅ አቧራ ነው። እናቷ ከታች ብቅ ስትል ጥቁር ጃንጥላ ዘርግታ ነበር። ከቤት ስትወጣ ጃንጥላ አልያዘችም ነበር። ጃንጥላው ላይ፣ እሱ ላይ ብቻ፣ የሐምሌ ዝናብ እየወረደ ነበር፤ ከጫፉም ይንጠባጠባል። ልጆች አዲስ ልብሳቸውን ለብሰው በአጠገቧ ሲያልፉ አንዳቸውም አልረጠቡም፤ እናቷ የገባችበት ቀን ሃያ ስምንትም ሃያ ዘጠኝም አልነበረም። አስካለ ወደ ላይ ሳታይ የግቢውን በር አልፋ ታጠፈች። አቧራው ላይ የእግሯ ዳና አንድ በአንድ ውኃ አቁሮ ቀረ። ከበሩ አጠገብ ባሉት የመጨረሻዎቹ ዳናዎች ላይ ሣር በቅሎ ነበር።