ቅቤ የማይደርስበት ፍሬን

ገነቴ ሰው ሲስቅ እንኳ ትን እንዳይለው የምትሰጋ ሴት ናት። ልጇ ሆሴዕ ሆሳዕና ከተማ ውስጥ የሞባይል መጠገኛ ሱቅ የከፈተ ዕለት «ባትሪ ይፈነዳል» ብላ በሩ ላይ አንድ ባልዲ አሸዋ አስቀምጣለታለች። ባልዲው እስከ ዛሬ አለ። ስለዚህ አንድ ማለዳ ቁርስ ላይ «እማ፣ ባለ አራት ጎማ ሞተር ልገዛ ነው» ሲላት፣ የጎረሰችውን ሳትውጥ የትኛው እድር ድንኳን ቶሎ እንደሚያመጣ ማሰብ ጀመረች።

«ምን ሊያደርግልህ?»

«ለአደን ነዋ። ቦኖሻ ያለውን የአያቴን በቆሎ ከርከሮ ጨረሰው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከጓደኞቼ ጋር እናባርረዋለን፤ በዚያውም ዳገት ቁልቁለቱን እንዝናናበታለን።»

«ከርከሮ ይበላል?»

«እማ ደግሞ! ማን ይበላዋል?»

«አሃ! የማይበላ ነገር ለማባረር ነዋ አንተ የምትሞተው!»

ግን ሆሴዕ ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ገንዘቡም የራሱ ነው። በእጇ የቀረላት ሥልጣን ቅቤው ብቻ ነበር። በእነሱ ቤት በሬም ይሁን ላም ከገበያ ሲመጣ፣ እናት ግንባሩን ቅቤ ቀብታ ሳትመርቀው ግቢ አይገባም። አባቱ በሕይወት ሳለ የገዛው ቴሌቪዥን እንኳ ተቀብቷል፤ ሳምንት ሙሉ ዜና አንባቢው ጉም ውስጥ የቆመ መስሎ ነበር። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች አንድ ጊዜ ቢጠይቋት «እምነቴ በጌታ ነው፣ ቅቤው ልማድ ነው» ብላ መለሰቻቸው፤ እነሱም የገዛ ሚስቶቻቸው እንደሚቀቡ አስበው ወሬ ቀየሩ።

«ያልቀባሽውን አላስገባም፤ ነይና አብረን እንምረጥ» አላት ሆሴዕ።

ገነቴም በልቧ መርጣ ጨርሳ ነበር፦ ካሉት ሁሉ ሰነፉን። ቅቤዋን በኮባ ጠቅልላ፣ ፋሻና አልኮል በቦርሳዋ ይዛ፣ የባሏን ታላቅ ወንድም ጋሼ ሽብሩን ከጃጁራ አስጠራች። ጋሼ ሽብሩ የእርሻ በሬ በመምረጥ የታወቁ ናቸው። እሳቸው ሳያዩለት በሬ የገዛ ሰው በጃጁራ ገበያ እንደ ሞኝ ይቆጠራል።

ሻጩ ሲላስ ሁለት ሞተሮች ግቢው ውስጥ አቁሞ ጠበቃቸው። ሌሊቱን የዘነበው ዝናብ ወደ ካፊያ ተለውጦ ነበር። አንደኛው ሞተር ቀይ፣ ቀጭንና ከፍ ያለ ነው፤ ሌላው አረንጓዴ፣ ሰፊና ዝቅ ያለ፣ ከኋላው የዕቃ መጫኛ ብረት ያለው። የሆሴዕ ዓይን ቀዩ ላይ ተተክሎ ቀረ።

ጋሼ ሽብሩ ሁለቱንም በዱላቸው እየነካኩ ዞሯቸው። የነዳጅ ጋኑን እንደ ሻኛ ዳበሱት።

«ስንት ጥርስ አውጥቷል?»

«አባቴ፣ አዲስ ነው» አለ ሲላስ።

«ወይፈን ነው በለኛ። ይራገጣል?»

«ኧረ አይራገጥም!»

«ሁሉም ሻጭ እንደዚያ ነው የሚለው።»

ሆሴዕ ትዕግሥቱ አልቆ ቀዩ ላይ ወጣና ከግቢው ጀርባ ወዳለው ቀይ ጭቃ ዳገት ተኮሰው። ገነቴ ኮባዋን ለመፍታት እንኳ ጊዜ አላገኘችም። ዓይኗን ጨፍና መዝሙረ ዳዊት ጀመረች፤ ግማሽ ሳትደርስ ልጇ ጥርሱን እያሳየ ተመለሰ።

«ይሄው ነው! ይሄን ነው የምገዛው!»

«ችኩል ነው» አሉ ጋሼ ሽብሩ። «ችኩል በሬ ሞፈር ይሰብራል። ደግሞ ባዶውን ማን የማይሮጥ አለ? ጭነት ይያዝና እንየው።»

«ቀዩ የጭነት ቦታ የለውም» አለ ሲላስ። «አረንጓዴው ነው የሚጭነው።»

ጋሼ ሽብሩ ጭነት ፍለጋ ግቢውን ቃኙ። የሚጫን ነገር አልነበረም። ዓይናቸው ገነቴ ላይ አረፈ።

«እኔን?» አለች ገነቴ።

«ከአንድ ኩንታል ብዙም አታንሺ።»

ሌላ ቀን ቢሆን ትቀየማቸው ነበር። ያን ዕለት ግን «መገልበጡ ካልቀረ እኔው ላይ ይገልበጥ» ብላ ቆረጠች። ወትሮ ቅቤው የሚቀባው ከግዢ በኋላ ነው፤ ሞት ግን ደረሰኝ እስኪቆረጥ አይጠብቅም። ሆሴዕ ሄልሜቱን ሲያስር ኮባውን ፈታች። የሞተሩን ግንባር ቀባች። ከዚያ የልጇ እጅ የሚያርፍበትን ሁሉ፣ ግራና ቀኙን እጀታ፣ ነዳጅ መስጫውን፣ የእጅ ፍሬኑንም ሳታስቀር፣ እየመረቀች ለቀለቀችው። የእግር መርገጫውንም ልትቀባ ነበር፤ ጉልበቷ አላስጎነብስ አላት። ሆሴዕ ሲይዘው ቢረጥብበት ካፊያው መሰለው፤ የቅቤው ሽታ እንደሆነ ከእናቱ ራስም አይጠፋም።

አረንጓዴው ሞተር ገነቴን አዝሎ እንደ እርጉዝ ላም ቀስ እያለ ዳገቱን ተያያዘው። እኩሌታው ላይ ሲደርሱ የሆሴዕ አውራ ጣት ከነዳጅ መስጫው ላይ ሙልጭ አለ። ሞተሩ ቆመ። ከዚያ ወደ ኋላ ሄደ።

«ያዘው!» አለች ገነቴ።

«ፍሬኑ ያንሸራትታል! እማ፣ ምንድን ነው የቀባሽው?»

«ምርቃት ነው!»

ሞተሩ ፊቱን ወደ ሰማይ አድርጎ ቁልቁል እየፈጠነ መጣ። ሲላስ ሸሸ። ጋሼ ሽብሩ ዱላቸውን ዘርግተው «ሃይ! ሃይ! ቁም!» አሉት፤ አልሰማቸውም። ገነቴ ስትፈራው የኖረችው ቀን ደረሰ፤ ያመጣችውም ራሷ በኮባ ጠቅልላ ነው። ያን ጊዜ «በእግርህ! በእግርህ ርገጠው!» ብሎ ሲላስ ከአጥሩ ጀርባ ጮኸ። ሆሴዕ ባለ በሌለ ኃይሉ ረገጠ። ሞተሩ ከሲላስ አጥር አንድ ክንድ ሲቀረው ቀጥ አለ።

ሲላስ ከአጥሩ በላይ አንገቱን ብቅ አደረገ።

«አይራገጥም፤ እውነቱን ነው» አሉ ጋሼ ሽብሩ።

ገነቴ ወረደች። መርገጫውን እንዳትቀባ ያደረጋትን ያንን የማይጎነብስ ጉልበቷን መታ መታ አድርጋ አመሰገነችው። ሲላስን ጠራችው።

«ቀዩ የእግር ፍሬን አለው?»

«የለውም እናቴ። ሁለቱም ፍሬን እጅ ላይ ነው፣ እንደ ብስክሌት።»

ገነቴ ልጇን አየችው። ልጇም እጁን እያየ ነበር። ቅቤው በጣቶቹ መካከል ይንጠባጠባል።

«አረንጓዴው» አለ ሆሴዕ በቀጭን ድምፅ። «እናቴ የማትደርስበት ፍሬን ያለው ይሻለኛል።»

ገነቴም በዚያው ማለች፦ ከእንግዲህ እጀታ አትነካም፤ እንደ በሬ ሕግ ግንባሩን ብቻ።

ቅዳሜ ጠዋት የሞተሩን ግንባር ቀብታ ልጇን ወደ ቦኖሻ ሸኘችው፤ ከቀትር ጀምራም በር ላይ ቆመች። አመሻሽ ላይ ሆሴዕ ጭቃ በጭቃ ሆኖ፣ ፊቱን አኮሳትሮ መጣ።

«ተጎዳህ?»

«ምን እጎዳለሁ! ስድስት ውሻ ይዘን ወጣን። ከርከሮው ፊት ለፊታቸው ቆሞ በቆሎ ይበላል፤ እነሱ ዞር ብለውም አላዩት። ስድስቱም የሞተሩን ግንባር ሲልሱ ዋሉ! እንዳልድጣቸው ፈርቼ ቀኑን ሙሉ ከእግረኛ አልፈጠንኩም።»

«ከእግረኛ አልፈጠንክም?»

«ኤሊ ቀደመኝ እኮ ነው የምልሽ!»

ገነቴ ልጇን ከራስ ፀጉሩ እስከ ጫማው አየችው። ጭረት እንኳ የለበትም። «አይዞህ፣ ለሚቀጥለው ጌታ ያውቃል» ብላ ገባች።

በሚቀጥለው ቅዳሜ እጥፍ አድርጋ ቀባችው።