ኡስታዝ እርማት አይተዉም

የልጆቼ አባት በሕንዷ ራምፑር ከተማ ሠላሳ ስድስት ዓመት የኡርዱ ቋንቋ አስተምረዋል፤ ግጥምም ይጽፋሉ። ጡረታቸው ሲደርስ ርዕሰ መምህሩ ናዚም ሥራቸውን ሁለት ዓመት ሊያራዝምላቸው ቃል ገባ። ትንሿ ልጃችን ገና አልተዳረችምና ደሞዙ ያስፈልገን ነበር፤ በየሶላቴ ዱዓዬ ይኸው ነበር። የማራዘሚያውን ደብዳቤ ለክብራቸው በተዘጋጀው ድግስ ላይ ሊሰጣቸው ነው።

ናዚም የድሮ ተማሪያቸው ነው። ስለ እሳቸው የጻፈውን ግጥም እንደሚያነብ ስሰማ ግን ፈራሁ።

"በአላህ ይሁንብዎት፣ ዛሬ እንኳ አያርሙ!"

"ምን፣ ልጅ መሰልኩሽ?"

ናዚም ማንበብ ጀመረ። ሰዉ "ዋህ! ዋህ!" እያለ ያደንቃል። እሳቸው ፓን የሚሉትን ቅጠል ማኘካቸውን አቆሙ፤ ሦስተኛው ስንኝ ላይ ብድግ አሉ።

"ናዚም፣ ልጄ፣ ይሄ ስንኝ ያነክሳል። ስምንተኛ ክፍልም እንዲሁ ነበርክ። በል እስክሪብቶ ስጠኝ!"

መድረክ ላይ ወጥተው ግማሹን ሰርዘው መለሱለት። "አሁን አንብብ!"

አነበበ። ሰዉ ጣሪያ እስኪነቀል ጮኸ። ደብዳቤው ግን ከናዚም ኪስ አልወጣም።

"ግጥሙ ዳነ" አሉኝ ወደ ቤት ስንመለስ።

"እኛስ?"

ፓናቸውን ማኘክ ቀጠሉ።

ናዚም ግን፣ አልሐምዱሊላህ፣ ከቤታችን አልቀረም። በየጁምዓው ከመስጊድ እንደወጣ አዲስ ግጥም ሊያሳርም ይመጣል፤ ሳምቡሳዬን እየበላ "ኡስታዝ፣ ያለ እርስዎ ምን ይውጠኝ ነበር!" ይላል። ሥራቸውስ ተራዝሟል፤ የቀረው ደሞዙ ነው።