አንድ ዓይን በመስኮቱ ላይ

መምህር ፍሬሰንበት ያን መስኮት ሲሠራ ክፉ አላሰበም፤ ይህን ማንም ይመስክርለታል። ጥፋቱ የመጣው ከመጽሐፍ ነው።

ጋምቤላ ክልል ከተባለች ሁለት ዓመቷ ነበር። ፍሬሰንበት የታሪክ አስተማሪ ነው፤ ሥዕልም ይሞካክራል። በመካከለኛው ዘመን ፈረንጆቹ ቤተ ክርስቲያናቸውን በባለቀለም መስታወት ያስጌጡ እንደነበር፣ ፊደል ያልቆጠረው ሕዝብም ወንጌሉን ከመስኮቱ ላይ ይማር እንደነበር ሲያስተምር ኖሮ፣ ለአዲሲቷ ቤተ ክርስቲያን እኔም አንድ ልሥራ ብሎ ተነሣ። የቢራና የመድኃኒት ጠርሙስ፣ የመኪና የኋላ መብራት ስባሪ ለቃቀመ። ከአሮጌ ባትሪ እርሳስ አቅልጦ አያያዘው። ፊቶቹን በነጭ መስታወት ላይ በጥቁር ቀለም ሣለ።

ወጪውን ችለው ያሠሩት እማማ ቦጋለች ናቸው። ልጃቸው ከፈለ ከጓደኛው ከስንታየሁ ጋር ወርቅ ሊቆፍር ዲማ ከወረደ ዓመት አልፎታል፤ ደብዳቤ የለ፣ መልእክት የለ።

«ከእመቤታችን እግር ሥር ሣልልኝ፤ እሷ ትጠብቅልኛለች» ብለው ፎቶግራፉን ሰጡት።

ፍሬሰንበት መጽሐፉን ገለጠ። በፈረንጆቹ መስኮት ያሠራው ሰው ከታች ተንበርክኮ፣ ወደ ድንግል ዞሮ፣ በጎኑ ይታያል። ከፈለንም እንደዚያው ሣለው። የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ የሚባለውን ረሳ፣ ምን ይደረግ!

እሑድ ጠዋት ፀሐይ በመስኮቱ ስትገባ ሴቶቹ እልልታቸውን ጀምረው አቋረጡት። በእኛ ሥዕል ጻድቅ ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይኑ ይሣላል። በጎን፣ በአንድ ዓይን የሚሣለው ሰይጣን ነው፤ ይሁዳ ነው፤ ወንድሙን የገደለ ነው። ይህን ለማንበብ ትምህርት ቤት መግባት አያስፈልግም።

«ስሕተቱ የኔ ነው፣ እማማ» አለ ፍሬሰንበት። «ነገ አውርጄ ሁለቱንም ዓይን እሥልለታለሁ።»

«አንዴ አየሁት እኮ፣ መምህር። ልጄ ምን አድርጎ ነው?»

«ምንም! የመጽሐፉ ነገር ነው!»

ሰኞ ማለዳ መሰላል ተሸክሞ ሲመጣ እማማ ቦጋለች በሩ ላይ ቆመዋል፤ ፊታቸው በርቷል። አጠገባቸው ከፈለ አለ። ከስቷል፣ ጠቁሯል፣ ግን ደኅና ነው። ትናንት ከሰዓት በጭነት መኪና ብቻውን ገባ።

«ስንታየሁስ?» አለ ፍሬሰንበት።

«እዚያው ቀረ። ይመጣል» አለ ከፈለ ቶሎ ብሎ።

«አየህ፣ መምህር? መስኮትህ ዋሸ!» አሉ እናቱ እየሳቁ። «ግባ ልጄ፣ አንተም አይተህ ሳቅበት።»

ፍሬሰንበት ሊከለክለው ፈለገ፤ ለምን እንደሆነ ግን አላወቀም። ከፈለ ጫማውን አውልቆ ገባ። ፀሐይዋ ወጥታ ነበርና ቀዩ ብርሃን እግሩ ላይ አረፈ። ቀና ብሎ ያን አንድ ዓይን አየው። ብዙ አየው። ወደ አስተማሪው ዞረ፤ እናቱ ከኋላው መቆማቸውን ዘንግቷል።

«ቲቸር» አለ ዝግ ብሎ፣ «ማን ነገረዎት?»