የሮሐ ጋሪ

ነህምያ በብቅል ፋብሪካ ላቦራቶሪ ውስጥ ነው የሚሠራው። ገብስ እርጥበቱ ሳይለካ ወደ መጋዘን እንዲገባ አይፈቅድም።

ሚስቱ ወይንሸት ሮሐን የወለደችው በቀዶ ጥገና ነው። ከዚያ ወዲህ ልጅ ስታዝል ወገቧን ስለሚይዛት ጥቂት ሄዳ ትቆማለች። የክርስትናው ሰማንያኛ ቀን ሲቃረብ ጎረቤቷ ለሊሴ «እኔ አዝልልሻለሁ» አለቻት። ወይንሸት አመሰገነቻት። ለሊሴ ስትወጣ ግን ለባሏ «ቤተ ክርስቲያን የምገባው ልጄን ራሴ ይዤ ነው» አለችው።

ነህምያ ሮሐን የሚያህል ገብስ መዝኖ በከረጢት ይዞ ሚፍታ ሱቅ ሄደ። ሱቁ ውስጥ ሁለት ዓይነት የሕፃን ጋሪ ነበር። ባለ ትንንሽ ፕላስቲክ ጎማው ስምንት ሺህ ብር፣ ባለ ትልልቅ ጎማው ሃያ ሁለት ሺህ ብር ነው።

«ልጅህ ገብስ ናት እንዴ?» አለው ሚፍታ።

«ክብደቷ ነው።»

«እንግዲያው ክርስትናዋ ፋብሪካ ነው በለኛ!»

ነህምያ ከረጢቱን በየተራ እየጫነ ሁለቱንም ከሱቁ ደጅ ባለው ኮብልስቶን ላይ ገፋቸው። የርካሹ ጎማ በየድንጋዩ መሐል ይቀረቀራል፤ ከረጢቱ እየዘለለ አንድ ጥግ ሄደ። በውዱ ላይ ከረጢቱ ከቦታው አልተነቃነቀም። ነህምያ ውዱን ሊገዛ ወሰነና ቤቱ ገብቶ ለወይንሸት ነገራት።

«ማን ገፋው?» አለች።

«እኔ።»

«የበራችንን ቦይስ ማን አሻገረው?»

በራቸው ላይ ሁለት የባሕር ዛፍ ግንድ የተጋደመበት ቦይ አለ። ነህምያ ሁልጊዜ ስለሚዘለው መንገድ ብሎ አልቆጠረውም። መንገዱን የፈተነው ከሱቁ በር ጀምሮ ነበር።

በማግስቱ ወይንሸትም አብራው ሄደች። ርካሹን በቀላሉ አነሳችው። ውዱን ግን ከፊት ከፍ እንዳደረገች ሆዷን ይዛ አስቀመጠችው።

«በርካሹ ቦዩን እሻገራለሁ፤ መንገዱን አልሄድም» አለች። «በውዱ ደግሞ መንገዱን እሄዳለሁ፤ ከቤት አልወጣም።»

ምንም ሳይገዙ ተመለሱ። ነህምያ መንገድ ላይ ሲያስብ የቆየው ስለ ቦዩ እንጂ ስለ ጋሪዎቹ አልነበረም። ቤት ሳይገባ እዚያው ግቢ ወደሚኖሩት አከራያቸው ወደ ጋሼ ቱሳ ሄደ።

«ጋሼ፣ ቦዩ ላይ ሲሚንቶ ላፍስ? ወጪው ከእኔ ነው።»

«በኪራይ ቤት? መጀመሪያ መኪናውን ግዛ እንጂ አንተ!»

«ለልጅ ጋሪ ነው። እርስዎ ከፈቀዱልኝ ብቻ።»

ሽማግሌው ከዘራቸውን መሬት ላይ ተከሉ። «እኔም እኮ ግንዱን እየፈራሁ በጓሮ ነው የምወጣው» አሉ። «አሸዋው ከእኔ ይሁን።»

ውዱ ጋሪ፣ ሲሚንቶና ብረት ሲደመር ለክርስትና ከተቀመጠው ገንዘብ በላይ ሆነ። ነህምያ ድምሩን ለወይንሸት ነገራት።

«የድግሱ በግ ይቅር» አለች ወይንሸት። «እንግዳ ሽሮ ቢበላ አይሞትም።»

«እናቴስ ምን ትላለች?»

«በግ የለም ትላለች። እውነቷን ነው።»

በሰማንያኛው ቀን ጎሕ ሲቀድ ወይንሸት ነጠላዋን አጣፍታ ጋሪውን ከበር አወጣች። ነህምያ ቦዩ ጋ ሲደርሱ እጁን ዘረጋ።

«ተው» አለችው።

ጎማው አዲሱን ሲሚንቶ ረግጦ ተሻገረ፤ ሮሐ አልነቃችም። ለሊሴ ጃንጥላዋን ይዛ ተከተለች። ነህምያ ግን ወዲያው አልሄደም። ከኋላው ጋሼ ቱሳ ከዘራቸውን እያንኳኩ ሲመጡ በዋናው በር እስኪወጡ መንገድ ለቀቀላቸው።