ስፖኪዮው ባዶ ከሆነ

ኦሪን ትቬት እስከ ስልሳ ሦስት ዓመቱ ድረስ ሌላ ሰው ያደረገውን ጫማ እንኳ አድርጎ አያውቅም። ጡረታ በወጣ በአራተኛው ወር ግን ሌሎች ሰዎች የበሉበትን፣ የተኙበትንና የተኳረፉበትን ቤት ከነጎማው ገዛ።

አገሬው «አምስተኛ ጎማ» ይለዋል። አፍንጫውን ፒክአፕ መኪና ጀርባ ላይ አሳርፎ የሚጎተት ተሳቢ ቤት ነው። መኝታ ቤት አለው፣ ወጥ ቤት አለው፣ አንዱ ግድግዳው ደግሞ ቁልፍ ሲጫኑት እያቃሰተ ወደ ውጭ ይወጣና ሳሎኑን ያሰፋል። ኦሪንና ሚስቱ ማርሊስ ማይኖት ከተማ የነበራቸውን ቤት ሸጠዋል። የሰሜን ዳኮታን በረዶ ሸሽተው የብርዱን ወራት አሪዞና በረሃ ሊያሳልፉ ነው። ይህ ቤት ካልሆነላቸው የሚቀራቸው ፋርጎ ያለችው ልጃቸው ምድር ቤት ብቻ ነው፤ ልጂቱም ሐሳባቸውን በሰማች ማግስት ምድር ቤቱን በመሮጫ ማሽን ሞልታዋለች።

«እኔ ማሽን ላይ አልተኛም» አለች ማርሊስ። «ስለዚህ ይሄ ቤት ቤታችን ይሆናል። ወደድክም ጠላህም።»

ሻጩ ዌንደል ክራውስ የሚባሉ፣ ሰማንያን ሊደፍኑ ጥቂት የቀራቸው ስንዴ አምራች ናቸው። ሚስታቸው አርሊን ከሞተች ሁለት ዓመቷ ነው። ቤቱን ከፍተው ሲያስገቧቸው ማርሊስ ገና ከበሩ ሳቋ መጣ። አርሊን ያልለጠፈችበት ነገር አልነበረም። በየቁምሳጥኑ፣ በየመሳቢያው፣ በየማብሪያ ማጥፊያው በትንሽ ማሽን የታተመ ነጭ ወረቀት ተለጥፏል። «ኩባያ» ይላል አንዱ። ከሥሩ «የዌንደል ኩባያ እዚህ አይቀመጥም» ይላል። የውሃ ማሞቂያው ማብሪያ ላይ «አትንካ» የሚል አለ። ከጎኑ ደግሞ፣ ቆየት ብሎ እንደተጨመረ ያስታውቃል፣ «ዌንደል፣ አትንካ አልኩህ»።

«ይቺን ሴት በሕይወት ሳለች ባውቃት ኖሮ ጓደኛዬ ትሆን ነበር» አለች ማርሊስ።

ኦሪን የኋላውን ዞሮ አየ። ቤቱ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው፤ ፓራውልቱ፣ መሰላሉና መብራቶቹ ግን ዛሬ ከፋብሪካ የወጡ ይመስላሉ።

«የኋላው ሁሉ አዲስ ነው እኮ!» አለ ደስ ብሎት።

«አዎ» አሉ ዌንደል፣ ወደታጨደው ማሳ እያዩ። «የኋላው አዲስ ነው።»

«ሬዲዮ» ተብሎ የተጻፈበት መሳቢያ ውስጥ ሁለት ቢጫ የእጅ ሬዲዮዎች ነበሩ። ዌንደል እጃቸውን ሳይሰዱ በአገጫቸው ጠቆሙ። «ውሰዷቸው። እኔ ድምፃቸውን አልወደውም።» ኦሪን ፒክአፑን አስነስቶ ሊወጣ ሲል ሽማግሌው መስኮቱን ያዙ። «ስማ፣ አንተ ሰው። ወደ ኋላ ስትሄድ ሚስትህ ስፖኪዮ ውስጥ ከሌለች፣ ቁም።»

«ይሄንንማ ማንም ያውቀዋል፣ ዌንደል።»

«ማንም ያውቀዋል» አሉና መስኮቱን ለቀቁት።

እውነትም በየካምፑ የታወቀ ሕግ ነው። አንዱ ይነዳል፣ ሌላው ከኋላ በሹፌሩ በኩል ቆሞ ይመራል። ሹፌሩ መሪውን ሰው በስፖኪዮ ካጣው፣ ማንም ምንም ቢለው ይቆማል። ሁሉም ያውቀዋል፣ ሁሉም ለአዲስ ገቢ ይመክረዋል፣ ከምክሩ በኋላም ሁሉም ቢራውን ይዞ ተጣጣፊ ወንበሩ ላይ ይቀመጣል። አዲስ ተሳቢ ወደ ኋላ ሲገባ ማየት የካምፕ ሰው ቴአትር ነውና። ባል በመስኮት ይጮሃል፣ ሚስት ከኋላ ትጮሃለች፣ ዛፍ ይገጫል። መግቢያው በነፃ ነው።

ኦሪንና ማርሊስ ለዚህ መድረክ የተፈጠሩ ነበሩ። በሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ትዳር ውስጥ ክፉ የተነጋገሩት ሐይቅ ዳር ጀልባ የጫነች ተሳቢ ወደ ኋላ ሲገፉ ብቻ ነው፤ ያን ጊዜም አንድ ሳምንት ሙሉ ተዘጋግተዋል። አሁን የሚጎትቱት ደግሞ ጀልባ አይደለም፣ አሥራ ሁለት ሜትር ቤት ነው። ኦሪን ከማይኖት ሲወጣ የፈራው መንገዱን አልነበረም። የፈራው መድረሱን ነው።

የመጀመሪያው ማደሪያቸው ደቡብ ዳኮታ፣ ሚዙሪ ወንዝ ዳር ነበር። ማርሊስ አንዱን ሬዲዮ ይዛ ወረደች፤ ሌላው ኦሪን ጉልበት ላይ ነው። አምስት ወንበሮች ተዘረጉ። ኦሪን በላብ የራሰ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገና ማርሹን ወደ ኋላ አስገባ።

«ቀስ በል» አለ ሬዲዮው። «መሪውን ወደ ግራ። ትንሽ። ትንሽ... ተወው። አሁን አቅና። ና፣ ማሬ፣ ና።»

ድምፁ ጎርነን ያለ፣ የማይቸኩል ነበር። ሬዲዮው ድምፅዋን ለወጠው፣ አለ በልቡ፤ ደግሞ እንዴት ረጋ ብላለች። ቤቱ መሳቢያ ገፍተው እንደሚዘጉት ያህል ቦታው ላይ ገጥሞ ገባ። ወንበር ላይ የነበሩት ሰዎች ገንዘባቸው እንዲመለስላቸው የሚፈልጉ ይመስሉ ነበር።

ማርሊስ ፊቷ ቀልቶ መጣች። «ጮኬ ጮኬ ጉሮሮዬ ደረቀ! ለምንድነው የማትሰማው?»

«ሰማሁሽ እንጂ! ምን ዓይነት አመራር ነው በናትሽ? ሁልጊዜ እንደዚህ ብትናገሪኝ...»

«በምን ሰማኸኝ?» የሬዲዮዋን ጀርባ ከፍታ አሳየችው። ባትሪ ድንጋይ የለውም። ቦታው ላይ አረንጓዴ ዝገት ብቻ ነበር።

«የሌላ ሰው ሬዲዮ ጠልፎ ይሆናል» አለ ኦሪን።

«ይሆናል። ግን ጥሩ ገባህ» አለችና ሳመችው። ሐይቅ ዳር ሳመችው የሚባል ነገር ኖሮ አያውቅም።

ነብራስካ የገቡት ከአምስት መቶ ኪሎ ሜትር በኋላ ነው፤ የሚዙሪ ወንዝ ዳር ጎረቤት ሬዲዮ እዚያ ሊደርስ አይችልም። ኦሪን ማርሹን ገና ከመንካቱ «ደክሞሃል ዛሬ» አለችው ያቺው ሴት በሬዲዮው። «መሪውን ጨምድደህ አትያዝ። ለቀቅ አርገው።» ለቀቅ አደረገው። ማርሊስ በስፖኪዮ ውስጥ በቀይ ሹራቧ እጇን እያወናጨፈች ትታያለች፤ አንዱንም ምልክት አልተከተለም። አንድ ሙከራ፣ ገባ። ጎረቤት መጥቶ ማርሊስን «እንዳንቺ ያለ መሪ አይቼ አላውቅም» አላት። እሷም እስከ እራት ድረስ ፈገግታዋ ከፊቷ አልጠፋም።

ከዚያ ወዲያ ኦሪን እንዴት ይንገራት? ምን ብሎ? ባትሪ ድንጋይ መግዛቱን በሦስት ከተማ ረሳው። በአራተኛው ነዳጅ ማደያ ማርሊስ ራሷ ብታስታውሰው «አልቋል አሉ» አለ፣ የባትሪው መደርደሪያ ፊት ለፊት ቆሞ። ሬዲዮውን ሌላ ሰው የጻፈለትን ደብዳቤ እንደሚደብቅ ሰው መቀመጫው ሥር ወሸቀው። ቤታቸው ግን ቤት እየሆነ ነበር። ኩባያው አርሊን ባለችው ቦታ፣ የኦሪን ኩባያ አርሊን ባላለችው ቦታ ተቀመጠ። ማርሊስ እየዘፈነች ዕቃ ታጥባለች። ይህን ሁሉ ደግሞ ለማን አሳልፎ ይስጥ? ለእውነት?

ኒው ሜክሲኮ ሲደርሱ ሬዲዮውን አልከፈተውም ነበር። መቀመጫው ሥር ሆኖ፣ ተዘግቶ፣ ተናገረ።

«ቦታዬ ላይ የቆመችው ሴት ማናት?»

ኦሪን ስፖኪዮውን አየ። ቀይ ሹራብ። «ሚስቴ ናት» አለ፣ በራሱ መኪና ውስጥ፣ ለመቀመጫው። ማፈሩ ነው የገረመው።

ሬዲዮው ለረጅም ጊዜ እሽ እሽ ሲል ቆየ። «ጎንበስ እንዳትል ንገራት።»

ከዚያም እንደወትሮው «ግራ... ተወው... ና» ብላ አስገባችው።

ያን ዕለት እራት ላይ ሁለት ጊዜ አፉን ከፈተ። ሁለቱንም ጊዜ ሥጋ ጎረሰበት። ጎንበስ እንዳትይ ቢላት ማን አለ ትለዋለች። ማን እንዳለ ከነገራት ደግሞ የነብራስካው ፈገግታ ይጠፋል፣ ሐይቁ ይመለሳል፣ መሮጫ ማሽኑ ይመጣል። ነገ እነግራታለሁ፣ አለ በልቡ። ነገ ደግሞ አሪዞና ነበር።

አሪዞና የገቡት በጠራራ ፀሐይ ነው። ካምፑ ጠጠር፣ ቁልቋልና ጡረተኛ ብቻ ነው። ዝናቸው በየት በኩል ቀድሟቸው እንደደረሰ እንጃ፣ አሥራ ሁለት ሰው ያህል ወንበር ዘርግቶ ጠበቃቸው። ማርሊስ ስትወርድ ኪሷን መታ መታ አድርጋ ጠቀሰችው። ለምን እንደጠቀሰችው አልገባውም።

ማርሹን ወደ ኋላ አስገባ።

«ና» አለች ሴትዮዋ። «ቀኝ። ትንሽ። አቅና።» ቤቱ በጠጠሩ ላይ እየተንኮሻኮሸ ወደ ኋላ ሄደ። ስፖኪዮው ውስጥ ቀዩ ሹራብ ይታያል። ማርሊስ እጇን ወደ ጆሮዋ አነሳች። እጇ ላይ ቢጫ ነገር አለ። ፊቷ ሲለወጥ ከዚያ ርቀት እንኳ ታየው፤ ከዚያ ቢጫው ነገር ከእጇ አምልጦ ከቤቱ ኋላ ወደቀ። ማርሊስም ከስፖኪዮው ጠፋች።

«ና፣ ማሬ» አለ ሬዲዮው። «ባዶ ነው። ና።»

እግሩ ፍሬኑ ላይ አልነበረም። ይቺ ድምፅ ተሳስታ አታውቅም፤ በሦስት ግዛት አንዲት ቅርንጫፍ እንኳ አላስነካችውም። አሥራ ሁለት ሰው ያየዋል። ስፖኪዮው ውስጥ ጠጠር፣ ሰማይና አዲስ ፓራውልት ብቻ አለ።

«ባዶ ነው፣ ና፣ ና...»

ኦሪን ፍሬኑን በሁለት እግሩ ረገጠ። ቤቱ ተንገጫገጨ፤ ኋላ ወጥ ቤቱ ውስጥ ኩባያ ሲሰበር ተሰማ። ሞተሩን አጠፋ።

የሬዲዮው እሽታ ቆመ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ እንደ ቁጣም እንደ ለቅሶም ባልሆነ ድምፅ ተናገረ።

«አየህ ዌንደል? መቆም እኮ ይቻላል።»

ኦሪን ከመኪናው ወድቆ ይሁን ወርዶ አያውቅም፤ ሮጠ። ማርሊስ በአራት እግሯ ሆና ከቤቱ ኋላ ነበረች። ፓራውልቱ ከራስ ቅሏ አንድ ስንዝር ቢርቅ ነው። ሬዲዮዋን ደረቷ ላይ ጨብጣለች፤ ትናንት ማታ ራሷ የገዛቻቸው ባትሪ ድንጋዮች ገብተውበታል፤ ልታስደስተው ነበር።

«ማናት ይቺ ሴት?» አለችው።

«አርሊን ናት።»

«የቷ አርሊን?»

«የኩባያዋ።»

ማርሊስ ጠጠሩ ላይ ቁጭ አለች። ከወንበሮቹ አንድም ሰው አልሳቀም። «ከመቼ ጀምሮ?»

«ከሚዙሪ ወንዝ።»

«ከሚዙሪ ወንዝ! እኔ እዚህ እንደ ንፋስ ወፍጮ ክንዴን ሳወዛውዝ፣ አንተ ከሚዙሪ ወንዝ ጀምሮ!»

«ጎንበስ እንዳትል ንገራት ብላኝ ነበር» አለ ኦሪን። ሊደብቀው ይችል ነበር፤ አልደበቀውም።

ማርሊስ ይህን ስትሰማ ቁጣዋ ቆመ። የቆመው ግን ስለተረጋጋች አልነበረም። «እና አልነገርከኝም» አለች።

«አልነገርኩሽም።»

ከሰዓት በኋላ ለዌንደል ደወሉ። ኦሪን ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ድምፁን ከፍ አደረገና የሆነውን ሁሉ ተናገረ። ሽማግሌው እስኪጨርስ አላቋረጡም።

«ታኮ ልታነሳ ጎንበስ ብላ ነው» አሉ በመጨረሻ። «ና፣ ባዶ ነው ብላኛለች። ከዚያ ወዲያ በስፖኪዮ አላየኋትም። ብላኛለች ብዬ... ብላኛለችና ሄድኩ።» ስልኩ ውስጥ ትንፋሻቸው ተሰማ። «ስለ እኔ ሌላ ነገር አላለችም?»

ኦሪን ሚስቱን አየ።

«መቆም ይቻላል ነው ያለችው፣ ዌንደል» አለች ማርሊስ፣ ለስለስ ብላ። «ሌላ አላለችም።»

«እንግዲህ» አሉ ሽማግሌው። «ልክ ናት።» ስልኩን የዘጉት ሳይሰናበቱ ነው።

ቤቱ አሁንም ግማሹ መንገድ ላይ፣ ግማሹ ቦታው ላይ ተጋድሞ ነበር። ማርሊስ ተነሳች። ባትሪ ድንጋዮቹን ከሁለቱም ሬዲዮዎች አወጣችና ቆሻሻ ውስጥ ጣለቻቸው። ሬዲዮዎቹን ግን አልጣለችም፤ «ሬዲዮ» የሚለው መሳቢያ ውስጥ መለሰቻቸው። እዚያው የአርሊንን ትንሽ የማተሚያ ማሽን አገኘች። ጥቂት ጠቅ ጠቅ አደረገችና ነጩን ወረቀት ይዛ ወርዳ የፒክአፑ ስፖኪዮ ሥር ለጠፈችው። «ኦሪን፣ እኔን እይ» ይላል።

«መስኮቱን ክፈት» አለችው። «በአፌ ነው የምጮኸው። ትሰማለህ።»

አርባ ደቂቃ ፈጀባቸው። «ግራ!» «የማን ግራ?» «የሰው ግራ፣ አንተ ደንቆሮ!» ኦሪን ቀዩ ሹራብ ከስፖኪዮው ጫፍ ፈቀቅ ባለ ቁጥር ቆመ፤ አሥራ ሦስት ጊዜ ቆመ። ቁልቋል ገጨ። ወንበሮቹ ላይ ያሉት ሰዎች እያጨበጨቡ ሁለተኛ ቢራ ከፈቱ።

ሲመሽ ማርሊስ የተሰበረውን ኩባያ ጠርጋ ጨረሰች፤ የኦሪን ነበር። የግድግዳውን ቁልፍ ስትጫን ሳሎኑ እያቃሰተ ሰፋ። ያን ጊዜ መሳቢያው ውስጥ፣ ባትሪ ድንጋይ ከሌላቸው ሬዲዮዎች መካከል፣ አንዱ አስተያየት ሊሰጥ ጉሮሮውን እንደሚጠርግ ሰው እሽ አለ።

ኦሪን በሩ ላይ ደርቆ ቀረ።

ማርሊስ መሳቢያውን በዳሌዋ ገፋ አድርጋ ዘጋችው። «ሰምተናል፣ አርሊን» አለች። ቆየት ብላም ለኦሪን ሌላ ኩባያ አውጥታ፣ የዌንደል ኩባያ አይቀመጥም የተባለበት ቦታ ላይ አስቀመጠችው።