የዘራችን ጥርስ

ዝናሽ ስትስቅ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ትከልላለች። ኩዌት ስድስት ዓመት የሰው ቤት ስትሠራ እንኳ ይህ ልማድ አልለቀቃትም። የታች ክራንቻዎቿ ሁለቱም የሉም፤ የቀሩት ጥርሶቿ ወደ ክፍተቱ ተጋድመዋል። እናቷ ወይዘሮ አሰፋሽ "ዘራችን ነው" ይሏት ነበር፤ እሷም ይህንኑ አምና ኖረች።

ከዓረብ አገር ተመልሳ ደብረ ታቦር ትንሽ ሱቅ ከከፈተች ወዲህ ግን የልጇ የእመቤት ነገር ያስጨንቃት ጀመር። እመቤት ስምንት ዓመቷ ነው። አዲስ የወጡት የፊት ጥርሶቿ አንዱ በሌላው ላይ ተደራርበዋል።

"ባሕር ዳር ጥርስ የሚያስተካክል ሐኪም ዘንድ ልወስዳት ነው" አለች ዝናሽ።

"የወተት ጥርሷ እንኳ ተቀይሮ ሳያልቅ?" አሉ ወይዘሮ አሰፋሽ። "ቆይ እስቲ፣ ትንሽ ትጠና።"

ምክር በነፃ ነውና ጎረቤቱ ሁሉ ጥርስ ሐኪም ሆነ፤ ሁሉም ቆይ አለ። ዝናሽ አንድ ቀን እሄዳለሁ ትላለች፣ በማግስቱ ትተወዋለች። ቸኩዬ ባበላሻትስ? ዘግይቼ እንደኔ ብትሆንስ? ዓመቷ ሳይሞላ ጥላት መሄዷ ዛሬም ያንገበግባታል፤ ዳግመኛ ልትበድላት አልፈለገችም።

አንድ ቀን እመቤት ስትስቅ አፏን በእጇ ሸፈነች። "ምነው?" ብትላት፣ "እንዳንቺ ነዋ" አለቻት። ዝናሽ በዚያው ሳምንት ተነሣች። ወይዘሮ አሰፋሽም "ብቻችሁን አትሄዱም" ብለው አብረው ተሳፈሩ።

ሐኪሙ የልጅቱን አፍ አይቶ ራጅ አስነሣት። "ለመጀመሪያ ጊዜ ለማሳየት ይህ ዕድሜ ጥሩ ነው፤ ሽቦ ዛሬውኑ ይታሰራል ማለት ግን አይደለም" አለ። ከዚያ ራጁን ወደ ብርሃን አንሥቶ አየ። "የታች ክራንቻዎቿ ከነሥራቸው የሉም። በሕፃንነቷ ግግ ወጥቶላታል?"

"ኧረ በጭራሽ" አለች ዝናሽ፤ ወደ እናቷም ዞረች።

ወይዘሮ አሰፋሽ መሬት መሬቱን ያያሉ። "አንቺ ኩዌት ሳለሽ ተቅማጥ ያዛት" አሉ ቀስ ብለው። "ዓይኗ ጎደጎደ። ድዷን ባየው አብጧል። ግግ የሚያወጣ አስጠራሁ። በማግስቱ ሻል አላት።"

ዝናሽ ያኔ በስልክ "ዳነች" ሲሏት በደስታ አልቅሳ ነበር፤ እንዴት እንደዳነች ግን አልጠየቀችም። ሐኪሙ ግግ የሚባል በሽታ እንደሌለ፣ ድድ ተሰንጥቆ የሚወጣው ገና ያልበቀለ ጥርስ እንደሆነ ሲያስረዳ፣ ምላሷ ሳታስበው የራሷን ባዶ ድድ ነካ።

"የኔም?" አለች።

"ያንቺም" አሉ ወይዘሮ አሰፋሽ። "ካንቺ በፊት የወለድኳቸው ሁለቱ ሳይወጣላቸው ሞቱብኝ። ላንቺ አስወጣሁ፤ አንቺ ቀረሽልኝ። ጉዳት እንዳለው ኋላ ከጤና ኤክስቴንሽኗ ስሰማ ጊዜው አልፏል። እንዳትጠዪኝ ፈራሁ፤ ቆይ ቆይ ያልኩሽም ለዚሁ ነው።"

ዝናሽ ልትቆጣቸው ፈለገች፣ ልታቅፋቸውም ፈለገች፤ ሁለቱንም አላደረገች። ሐኪሙ በጊዜ መምጣታቸው እንደበጀ፣ የሌሎቹን ጥርሶች አበቃቀል እየተከታተለ ማስተካከል እንደሚችል፣ የጠፉት ግን እንደማይበቅሉ ነገራት።

እመቤት ወንበሩ ላይ ሆና ሁሉንም ስትሰማ ቆይታለች። የወለቀ ጥርስ ጣራ ላይ ከተወረወረ አዲስ ይበቅላል ብለው ያስተማሯት አያቷ ናቸው።

"አያቴ" አለች፣ "ያን ጊዜ የወጣውን ጥርሴን ጣራ ላይ ወርውረውልኛል?"

ወይዘሮ አሰፋሽ አፋቸውን በነጠላቸው ጫፍ ሸፈኑ።