የጾም ወተት የተቀባው ወረቀት

ሥራዬ ወረቀት ላይ ኢንዛይም ማጣበቅ ነው። ኢንዛይሙ በደም ጠብታ ውስጥ ስኳር ሲያገኝ ወረቀቱ ሰማያዊ ይሆናል። ኢንዛይሙ ያልያዘው ቦታ ላይ ሌላ ነገር እንዳይለጠፍ ደግሞ፣ የዱቄት ወተት በጥብጬ እቀባዋለሁ፤ ሰማያዊ የሚሆነውን ደረቅ ቀለም የምነሰንስበት ወተቱ ከደረቀ በኋላ ነው።

ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው ላቦራቶሪያችን ውስጥ ሦስት ነን፦ ባለቤቱ ይስሐቅ፣ ዕቃ የሚያጥቡት እትዬ ተናኘወርቅና እኔ። የሙከራ ጊዜዬ አርብ ያልቃል። ሐሙስ ዕለት ዶክተር ታዴዎስ እዚሁ ቅርብ፣ አሌክሳንድሪያ ካለው ክሊኒካቸው ወረቀቱን ሊያዩ መጡ።

«ማርያማዊት፣ እሳቸው ኦርደር ካደረጉ ትቀጥያለሽ» አለኝ ይስሐቅ በሹክሹክታ። «ካላደረጉ...» ብሎ ተወው።

ዶክተሩ ጣታቸውን ወግተው አንድ ጠብታ አኖሩበት። ወረቀቱ እንደ እስክሪብቶ ቀለም ሰማያዊ ሆነ።

«ኧረ! ሁዳዴ ነው፤ ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመስኩም!» ወንበር ፈለጉ።

ይስሐቅ የራሱን ሞከረ፤ ሰማያዊ። እኔ የቧንቧ ውሃ ጠብ አደረግሁበት፤ ሰማያዊ።

«ቧንቧችሁም ስኳር አለበት?» አሉ ዶክተሩ፣ ነፍሳቸው መለስ ሲል። ኮታቸውን ለበሱ።

ላቦራቶሪ ውስጥ መቅመስ ክልክል ነው። ከወተቱ ጣሳ በጣቴ ቀመስኩ፤ ከረሜላ ነው። ስኳሩ ያለው ወረቀቱ ላይ ነው ማለት ነው።

«እትዬ፣ ይሄን ማን ቀየረው?»

«እኔ ነኛ! ጾመኛ ልጅ በሁዳዴ ቀኑን ሙሉ ወተት ስትበጠብጪ አንጀቴ አልችል አለ። የጾም ነው፣ የአጃ።»

«ዋናውስ?»

«ምን በወጣኝ እደፋዋለሁ? ለፋሲካ ብዬ ሎከሬ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ።»

ዶክተሩ በሩን ከፍተው፣ «ከበዓሉ በኋላ እደውላለሁ» አሉ።

«አይሂዱ!» አልኩ። ይስሐቅ እንኳ ደነገጠ፤ ከተቀጠርኩ ጀምሮ ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም። «ኢንዛይም የያዘ፣ ገና ወተት ያልነካው ወረቀት ፍሪጅ ውስጥ አለኝ። አንድ ሰዓት ብቻ ይስጡኝ።»

ኮታቸውን ሳያወልቁ ተቀመጡ። እትዬ ተናኘወርቅ የዋናውን ወተት ጣሳ ከሎከራቸው እያጉረመረሙ አመጡ። ቀባሁ፣ አደረቅሁ፣ ቀለሙን ነሰነስሁ። አንዱ ላይ ውሃ ጠብ አደረግሁ፤ ነጭ ሆኖ ቀረ። የዶክተሩ ደም ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ አወጣ፤ ጤነኛ ናቸው። አላመኑም፤ ሁለት ጣት ጨምረው ወጉ። ከዚያ ኮታቸውን አወለቁ።

«ሁለት ሺህ አዘጋጁልኝ።»

ይስሐቅ ወደ እኔ ዞረ። «ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ግቢ።»

እትዬ ተናኘወርቅ ብቻ አልተደሰቱም። ጣሳውን ከፍተው ወደ ውስጥ አዩ።

«ሁለት ሺህ? ታዲያ እኔ በምን ልፈስክ ነው?»